የፈሩት ሌላ፣ የያዘዎት ሌላ

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ የምኖረው ባቲ ነው። ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመማ ቅመም እሸጥ ነበር፤ ከሁለት ወር ወዲህ ግን ከቤት መውጣት አስጠልቶኛል። እህል አይበላልኝም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ እስኪነጋ ጣራ አያለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «አብሽሪ፣ ያልፋል» ይለኛል። አንዳንዴ ለልጆቼ ሸክም ከምሆን ባልኖር ይሻላል እላለሁ። ጤና ጣቢያ ፍሎክሰቲን 20 ሚሊ ግራም ሰጥተውኝ 12 ቀን ዋጥኩት። ለውጥ አላየሁም፤ «አንዴ የጀመረው አይላቀቀውም» ስላሉኝም ተውኩት። ለእንቅልፍ ዲያዜፓም ባለ 5 እየገዛሁ ነው፤ በአንድ ነበር የጀመርኩት፣ አሁን ሁለት ካልሆነ አያስተኛኝም። አምስት ሳምንት ሆነኝ። አጎቴ አእምሮው ታውኮ በሰንሰለት ታስሮ ነው የኖረው። ለእኔ የቫይታሚን መርፌ ይሻለኝ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ የመርፌውን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ደምዎ ተመርምሮ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ካልተገኘ በቀር መርፌው ለዚህ ሕመም አይሠራም። የደም ማነስና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ምርመራ ግን ይደረግልዎ፤ ሁለቱም ሰውን ያደክማሉ፣ ሁለቱም ይታከማሉ። አሁን ወደ አጎትዎ ልሂድ። ከደብዳቤው መጨረሻ ላይ ጣል አድርገዋቸው አለፉ እንጂ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጣራ ሲያዩ የሚያስቡት የሳቸውን ሰንሰለት ይመስለኛል።

እያበዱ አይደለም። የጻፉልኝ ሁሉ የድባቴ (ዲፕሬሽን) ምልክት ነው፦ ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ መከፋት፣ የሚወዱትን ሥራ መጥላት፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ ራስን እንደ ሸክም መቁጠር። በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም መኖሩ የመታመም ዕድልን ከፍ ያደርገዋል፤ የአጎትዎ ሕመም ግን እርስዎን ተራ እየጠበቀ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ለባለሙያው ሳይደብቁ ይንገሩ። ከዚህ በፊት ለሳምንት ያህል ብዙ ሳይተኙ የማይደክምዎት፣ ወሬና ዕቅድ የበዛብዎት፣ ገንዘብ የበተኑበት ጊዜ ከነበረ፣ ሕክምናው ሌላ ይሆናል፤ የድባቴ መድኃኒት የሆነው ፍሎክሰቲንም ለብቻው አይሰጥም።

«ባልኖር ይሻላል» የሚለውን ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ይናገሩት። ለእናትዎ፣ ለእኅትዎ፣ ለሚያምኑት ጎረቤት፤ ለማንም ይሁን፣ ግን ዛሬ። ስለዚህ ሐሳብ ማውራት ሐሳቡን አያባብሰውም። በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ያ ሰው ይያዝልዎ፣ የሚያስፈልገውን ብቻ በየቀኑ ይስጥዎ። የሰብል ወይም የአይጥ መድኃኒት ካለ ከግቢው ይውጣ። ሐሳቡ እየተመላለሰ ካስቸገረዎት፣ ወይም «እንዴት» እና «መቼ» ወደሚል ከዞረ፣ ለብቻዎ አይሁኑ፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሰው አስከትለው ይሂዱ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር። «አንዴ የጀመረው አይላቀቀውም» የሚለውን ወሬ በየቀኑ ነው የምሰማው። ሱስ ሦስት ነገር አለው፤ መጠኑ በየጊዜው ይጨምራል፣ ሲቀር ሰውነት ይታወካል፣ ሰው እሱን ፍለጋ ይወጣል። ፍሎክሰቲን የዋጠ ሰው 20 ሚሊ ግራም ለወራት ወስዶ 20 ላይ ይቆያል። አይናፍቀውም፤ እንዲያውም የእኛ ችግር ሰዎች መዋጡን መርሳታቸው ነው። በድንገት ሲቆም ማዞር፣ መነጫነጭና የእንቅልፍ መረበሽ ሊኖር ይችላል፤ ለዚህም ነው ሲቆም ቀስ በቀስ የሚቀነሰው። ፍሎክሰቲን ግን ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ ከመሰሎቹ ይልቅ በዚህ በኩል ይቀላል። «ስተወው ተመለሰብኝ» የሚሉትም አሉ። አብዛኞቹ ቶሎ ያቆሙ ናቸው፤ የተመለሰባቸው ያልዳነው ሕመም ነው እንጂ የመድኃኒቱ ሱስ አይደለም። የስኳር መድኃኒቱን ሲተው ስኳሩ የወጣበትን ሰው «ሱሰኛ ሆነ» የሚለው የለም።

እስቲ ሦስቱን ነገሮች በዲያዜፓሙ ላይ ይሞክሯቸው። ከአንድ ወደ ሁለት አድጓል። ያለ እሱ አይተኙም። እሱን ፍለጋ ፋርማሲ ይመላለሳሉ። ወሬኞቹ ያስፈራሩዎት በአንዱ፣ የያዘዎት ሌላው! ለፍሎክሰቲን 12 ቀን የበዛብዎት እርስዎ፣ ዲያዜፓምን አምስት ሳምንት ታገሡት። ያለ ማዘዣ የሸጠልዎ ሰውም ጥፋተኛ ነው። ከዚህ በላይ አልቆጣም፤ ነገር ግን ደንግጠው ዛሬ ማታ በአንዴ እንዳይጥሉት። ለሳምንታት የተወሰደ ዲያዜፓም በድንገት ሲቋረጥ ጭንቀትንና እንቅልፍ ማጣትን ያባብሳል፣ አንዳንዱን ሰው እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል። ባለሙያው ከሁለት ፍሬ ወደ አንድ ተኩል፣ ወደ አንድ፣ ወደ ግማሽ እያለ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት እያቆየ ያወርድልዎታል።

ፍሎክሰቲኑንስ? በ12 ቀን ማሽላም አይደርስም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚታየው ጉዳቱ ብቻ ነው፤ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ መቁነጥነጥ። ጠዋት ከቁርስ ጋር የሚዋጠው ለዚህ ነው፤ ማታ ከሆነ እንቅልፍ ይነሳል። ጥቅሙ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ አመጣጡም ተራ አለው። አስቀድሞ እንቅልፍና ምግብ ይስተካከላል፣ ብዙ ጊዜም ከእርስዎ በፊት ልጅዎ ነው የሚያየው፤ «እማ፣ ዛሬ በላሽ» ይላል። ደስታው ከሁሉ ዘግይቶ ይመጣል። በትክክል ተውጦ እስከ 6 ሳምንት ለውጥ ከሌለ መጠኑ ይጨመራል ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል፤ ይህ ግን የባለሙያው ውሳኔ ነው። አንድ ቀን ከረሱ በማግስቱ ደርበው አይዋጡ። ለወገብ ወይም ለራስ ምታት ብለው ትራማዶል አይግዙ፤ ከፍሎክሰቲን ጋር አደገኛ ነው። ሲሻልዎት ደግሞ «ዳንኩ» ብለው እንዳይጥሉት። ከተሻለዎት በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠል አለበት። ሕመሙ ከሚመለስባቸው ሰዎች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት።

መድኃኒቱ እስኪይዝ ድረስ ቤት ተቀምጠው አይጠብቁ። «ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» የሚሉት ተገልብጦ ነው፤ መውጣቱ ይቀድማል፣ ደስታው ይከተላል። በመጪው ሰኞ ሊሸጡ ሳይሆን ጨው ገዝተው ሊመለሱ ብቻ ገበያ ይሂዱ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በቀጣዩ ሰኞ ከአንዷ ነጋዴ አጠገብ አንድ ሰዓት ይቀመጡ። በሦስተኛው ግማሽ ቁና በርበሬ ብቻ ይዘው ይውጡ። ሙሉውን ጭነት የሚያወጡበት ቀን ገና ነው፤ አይቸኩሉ።

ሌሊት ነቅተው 20 ደቂቃ ያህል ካለፈ ከመኝታ ተነስተው ይቀመጡ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ። የፈለገው ቢሆን ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱ፣ ቀን አይተኙ። ቡናውን አቦልም ቶናም በጠዋት ይጠጡ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ግን ከጀበናው ዙሪያ ይቀመጡ እንጂ ሲኒውን ይለፉት። ጨዋታው ያስፈልግዎታልና ከቡናው አይቅሩ። ስለ ጫት ደግሞ አንድም ቃል አልጻፉም። ባቲ ሆነው! የሚቅሙ ከሆነ ለባለሙያው ይንገሩ፤ ከሰዓት የተቃመው ሌሊቱን ይነሳል፣ ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው ድብርትም ሕመምዎን ያከብደዋል።

ዱዓውንም ጠበሉንም ማንም አይከለክልዎትም፤ ክኒኑ ይቀጥል እንጂ። «መድኃኒቱን ካልጣልሽ አይሠራልሽም» የሚል ሰው ካለ ግን አይስሙት።

ነገ ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሱ። መድኃኒት የሰጠዎትን ባለሙያ ይጠይቁና ማቆምዎን ይንገሩት፤ ቢቆጣም ይቻሉት። ፍሎክሰቲኑን እንደገና የሚያስጀምርዎት እሱ ነው። ጉዳዩ ከበደኝ ካለ ደሴ ሆስፒታል ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲልክዎት ሪፈር ያጽፉ። ሲሄዱ የተረፈውን ፍሎክሰቲንና የዲያዜፓሙን ባዶ ማሸጊያዎች ጭምር ይዘው ይሂዱ፤ ስንት እንደዋጡ ከአፍዎ ይልቅ እነሱ በትክክል ይናገራሉ።