«ዘሌዋውያን ላይ ስደርስ እቆማለሁ» እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ መጽሐፍ ቅዱስን ስለማንበብ የሚጠይቁ ናቸው። ጥቂቶቹን መርጬ፣ ረዘም ያሉትን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ከዘፍጥረት እጀምራለሁ። ዘጸአትን እንደ ምንም ብዬ እጨርስና ዘሌዋውያን ላይ ስደርስ እቆማለሁ። እምነቴ ደካማ ስለሆነ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። እስከ ቀይ ባሕር ታሪክ ሲከተል የመጣ አንባቢ በድንገት የድንኳን ልክና የመሥዋዕት ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ቢደክመው አይገርምም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተርታ ይነበብ ያለ ደግሞ የለም። ከማርቆስ ወንጌል ይጀምሩ፤ 16 ምዕራፍ ስለሆነ በአንድ ቁጭታ ማንበብ ይቻላል። ከዚያ ሉቃስን፣ ቀጥሎም የሐዋርያት ሥራን ያንብቡ። ሁለቱም ለቴዎፍሎስ የተጻፉ ናቸውና ተያይዘው ሲነበቡ ይጣፍጣሉ።

ዘሌዋውያንን ግን ጨርሰው አይተዉት። ጌታ ሁለተኛዋ ታላቅ ትእዛዝ ያላት «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የምትለው ቃል የተገኘችው እዚያው ነው፤ 19፥18 ላይ። የዕብራውያንን መልእክት አንብበው ሲመለሱ ያ ሁሉ ደምና መሥዋዕት ወዴት ሲያመለክት እንደ ነበር ይገባዎታል።

ጥያቄ፦ ኤርምያስ 29፥11 የሕይወቴ ጥቅስ ነበር። «የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የሚለውን ይዤ ለዓመታት ጸለይሁ። የጸለይሁበት ነገር ግን አልሆነም። አሁን ገጹን መግለጥ እንኳ ሆድ ያስብሰኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሐዘንሽን በአንድ ጥቅስ ላስታግሰው አልሞክርም። በጥቅሱ ዙሪያ ያለውን ግን አብረን እንየው፤ ብዙዎቻችን ተቆርጦ ስለ ተሰጠን አላየነውምና።

ምዕራፉ ደብዳቤ ነው። ኤርምያስ በኢየሩሳሌም ሆኖ፣ ወደ ባቢሎን ተማርከው ለሄዱት የላከው። ከዚያ በፊት፣ ምዕራፍ 28 ላይ፣ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ይመለሳል ብሎ ነበር። ሰው ሁሉ መስማት የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የኤርምያስ ደብዳቤ ግን ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁባትም ከተማ ጸልዩ ይላል። ከቁጥር 11 በፊት ያለው ቁጥር 10 ደግሞ 70 ዓመት ይላል። ደብዳቤው ሲነበብ ጎልማሳ የነበረ ሰው መመለሱን በዓይኑ የማያይ ነበር ማለት ነው። ተስፋው ለሕዝቡ ሁሉ፣ ገና ላልተወለዱትም ጭምር ነበር።

ይህ ጥቅሱን ያሳንስብሽ ይሆን? እኔን በተቃራኒው ነው የጠቀመኝ። በፊት የምፈልገው ነገር እንደሚሆን ማረጋገጫ አድርጌ ነበር የማነበው። አሁን የማነበው ግን የለመኑትን ሳያገኙ በባዕድ አገር ልጅ ላሳደጉና ዛፍ ለተከሉ ሰዎች የተላከ ቃል አድርጌ ነው። እግዚአብሔር ረስቶኛል የሚለው ጥያቄ የእነርሱም ጥያቄ ነበር፤ ደብዳቤውም የተላከው እዚያው ምርኮ ውስጥ ሳሉ ነው። ለጊዜው ቁጥር 11ን ተዪው። ምዕራፍ 28ንና 29ን በአንድ ላይ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። የተቆጣሽ እንደሆነ ተቆጥተሽ አንብቢው፤ ኤርምያስ ራሱ ምዕራፍ 20 ላይ ከተናገረው የባሰ አትናገሪም።

ጥያቄ፦ ሳነብ ምንም አይሰማኝም። ስሜቱ እስኪመለስ ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት፤ ያሳጥሩት። ለእኔ እንዲህ ሲሆንብኝ አንድ መዝሙር ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ፤ በቃ። መዝሙር 88ን ይሞክሩ (በግሪኩ አቆጣጠር በተዘጋጁ እትሞች 87ኛው ነው)። ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻቸው ምስጋና ነው፤ ይኸኛው በብሶት ጀምሮ በብሶት ያልቃል። ያም ሆኖ ከ150ው አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል።

ጥያቄ፦ መዝሙር 137 የባቢሎንን ሕፃናት ዓለት ላይ የሚፈጠፍጥ የተመሰገነ ነው ይላል። ይህን እንዴት የእግዚአብሔር ቃል ብዬ ልቀበል?

መልስ፦ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ጥቅሱን ለማለስለስ የሚሞክሩ ማብራሪያዎችንም አልወድም። ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ግን ልብ ይበሉ። ከተማው ፈርሶ፣ ቤተ መቅደሱ ተቃጥሎ፣ ማራኪዎቹ «ዝፈኑልን» እያሉ የሚሳለቁበት ምርኮኛ ነው። በከበባው ረኃብ ምን እንደ ደረሰ ማወቅ የሚፈልግ ሰቆቃወ ኤርምያስ ምዕራፍ 4ን ያንብብ። ይህ ሰው በቀሉን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰው። መጽሐፉ ቃሉን ሳይሸፋፍን አስቀረልን፤ ሂዱና እንዲህ አድርጉ የሚል ትእዛዝ ግን አልጨመረበትም። የክርስቶስ ተከታይ ደግሞ ይህን መዝሙር ማቴዎስ 5፥44ን ይዞ ነው የሚያነበው፤ ጠላትን ውደዱ የሚለውን። ሁለቱን አብሮ መያዝ ያስጨንቃል። መጨነቁ ግን ከመዝለል ይሻላል።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ባነብ ይሻላል ወይስ ከሰው ጋር?

መልስ፦ ሁለቱም። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ኢሳይያስን በሠረገላው ተቀምጦ ብቻውን ያነብ ነበር። ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውላለህ ወይ ሲለው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ብሎ ከአጠገቡ አስቀመጠው። እንግዲህ ያ ሰው የንግሥት ሹም ነው፤ አልገባኝም ማለት ግን አላሳፈረውም።

ጥያቄ፦ በስልክ ማንበብስ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ማሳወቂያውን ግን ያጥፉት። እኔን የሚያሰጋኝ ስልኩ ሳይሆን የዕለቱ ጥቅስ እየተባለ የሚላከው ቁራጭ ነው። ሰይጣንም በምድረ በዳ ከመዝሙር 91 ቆርጦ ጠቅሷል! የቁጥሩ ክፍፍል ራሱ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ አዲስ ኪዳን ዛሬ የምናውቀውን የቁጥር ክፍፍል ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1551 ነው። ጳውሎስ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» ሲል ፊልጵስዩስ 4፥13 የሚባል ነገር አያውቅም። ታስሮ ነበር የሚጽፈው፤ ከዚያው በፊት ያለው ዓረፍተ ነገርም ስለ መጥገብና ስለ መራብ ነው የሚያወራው። ይህች ጥቅስ ስልክዎ ላይ ብቅ ስትል ደብዳቤውን ከመጀመሪያው ይክፈቱት፤ ጠቅላላው 4 ምዕራፍ ነው።