ጥያቄና መልስ፦ የብሉ ሬይ ማጫወቻና የ24 ፍሬም ጣጣ

የዛሬው እንግዳችን ቲቪና የቤት ሲኒማ በመግጠም የምናውቃቸው ጋሼ ናቸው። ርዕሱ ፊልምን በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ በአጭሩ «24ፒ»፣ ስለሚያሳዩ የብሉ ሬይ ማጫወቻዎች ነው፤ ብሉ ሬይ ከዲቪዲ የጠራ ምስል ያለው ዲስክ ነው። ጠይቁ።

ጋሼ፦ እሺ። አንድ ነገር ላስቀድም። የማጫወቻውንም የቲቪውንም ሞዴል ጻፉ። «ሳምሰንግ ነው» ሞዴል አይደለም።

የቦሌ ልጅ፦ ጋሼ እንደምን አመሹ? ብሉ ሬዬ ላይ «24ፒ» የሚል ሰቲንግ አለ። ላብራው ላጥፋው?

ጋሼ፦ ደህና አመሸህ። ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣ ወዲህ ሲኒማ የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። ብሉ ሬይ ላይም አብዛኛው ፊልም እንደዚያው ተቀምጧል፤ በትክክል ሲሰላ 23.976 ነው። ጣጣው የሚመጣው ማጫወቻው በ60 ሄርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ) ሲልከው ነው። 60 ለ24 እኩል አይካፈልም። ስለዚህ አንዱን ፍሬም 2 ጊዜ፣ ቀጣዩን 3 ጊዜ እያሳየ ይሞላዋል። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ ነጠቅ ነጠቅ የሚለው ለዚህ ነው።

24ፒን ስታበራ ማጫወቻው ፍሬሞቹን ሳይነካካ ይልካል። ግን ሥራው ገና ግማሽ ላይ ነው። ቲቪው 24 ተቀብሎ ውስጥ ለውስጥ መልሶ 60 ካደረገው ምንም አላተረፍክም። ሪሞቱን ስትጫን «1080ፒ 24» ብሎ የሚጽፈው ስለገባው ምስል ነው፣ ስክሪኑ ላይ ስለሚታየው አይደለም። ፓነሉ (ስክሪኑ ራሱ) እውነተኛ 120 ሄርዝ ከሆነ እያንዳንዱን ፍሬም 5 ጊዜ ማሳየት ይችላል፤ እኩል ነው፣ ሰላም ነው። ሰቲንጉን «አውቶ» ላይ አድርገው። የቲቪህ ሞዴል?

የቦሌ ልጅ፦ ሳምሰንግ ነው።

ጋሼ፦ ቀጣይ።

ፊልም ወዳጅ፦ ባለ 120 ሄርዝ ቲቪ ገዛሁ። አሁን ሁሉም ፊልም የቲቪ ድራማ መሰለብኝ። 24 ስለሆነ ነው?

ጋሼ፦ ተገላቢጦሹ ነው። ቲቪው በፍሬሞቹ መሀል የሌለ ፍሬም ከራሱ እየፈጠረ ይሰካል። ሳምሰንግ ኦቶ ሞሽን ፕላስ፣ ኤልጂ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ሞሽንፍሎ ይሉታል። አጥፉት። ኤልጂ ላይ «ሪል ሲኒማ» የሚለውን ግን እንዳትነኩት፤ እሱ 24ን በትክክል እንዲያሳይ ነው የሚያግዘው። ካጠፋችሁት በኋላም ፈጣን ትዕይንት ላይ ትንሽ መንገጫገጭ ይቀራል። እሱ የፊልሙ የራሱ ጠባይ ነው፣ አትክሰሱት።

ሻርጃ፦ ግን ፍሬም ሲበዛ ምን አለበት? ሆቢት የሚለው ፊልም እኮ በ48 ነው የተቀረጸው።

ጋሼ፦ ብሉ ሬዩ ግን በ24 ነው የወጣው። ዲስኩ 48ን አያውቅም። በ60 ፍሬም ፊልም ማየት ከፈለግህ 4ኬ ዲስክ (ከብሉ ሬይ የጠራው) ላይ ጥቂት አለ። እኔን አይጥመኝም።

አሌክሳንድሪያ፦ ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ዲቪዲ እዚህ አሜሪካ በገዛሁት ብሉ ሬይ አልጫወት አለኝ። 24ፒ ባጠፋም ያው ነው።

ጋሼ፦ 24ፒ አይገናኝም። የቲቪው ሥርዓት ነው የሚለያየው፤ አገር ቤት ፓል ነው፣ 50 ሄርዝ። አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ነው፣ 60። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ ማጫወቻዎች 50 አያጫውቱም፤ ቲቪዎቹም ብዙዎቹ አይቀበሉም። ሪጅን ኮድ (ዲስኩ በየትኛው አገር ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚወስነው ምልክት) ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በዲቪዲ አሜሪካ 1፣ ኢትዮጵያ 5 ነው። በብሉ ሬይ አሜሪካ ኤ፣ ኢትዮጵያና ዐረብ አገር ቢ ናቸው። ሪጅን የሌለው ዲስክም በ50 ከሆነ ሊጨልምብሽ ይችላል። ለጊዜው ኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ነው) ሞክሪው። ማጫወቻ ስትገዙ ፓልን ወደ ኤንቲኤስሲ የሚቀይር መሆኑን ሳታዩ አትክፈሉ።

ክራር፦ ፓል ካነሱ አይቀር፣ የፓል ዲቪዲ ላይ ዘፈን ቀጠን ብሎ ይሰማኛል። ጆሮዬ ነው?

ሽቦ፦ ጆሮህ ነው ወንድሜ። ፓል ላይ ፊልሙ የሚፈጥነው በ4 በመቶ ነው፤ ያንን ማንም አይሰማውም።

ክራር፦ 4 በመቶ ማለት እኮ 0.7 ሴሚቶን (ግማሽ ቃና) ገደማ ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው እንዴት አይሰማውም?

ሻርጃ፦ እኔ ዋሽንት እነፋለሁ፣ ምንም አልሰማሁም።

ክራር፦ እንግዲህ ዋሽንትህን አስመርምር።

ሽቦ፦ ደግሞ ድምፁን መልሰው የሚያስተካክሉ አሉ!

ጋሼ፦ በቃ በቃ! ክራርና ሽቦ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። 24ን በ50 ሄርዝ ለማሳየት ቀላሉ መንገድ ወደ 25 ማፍጠን ነው። 100 ደቂቃ የነበረው ፊልም በ96 ያልቃል። ድምፁም አብሮ ይቀጥናል። አንዳንዶቹ ዲስኩን ሲያዘጋጁ ድምፁን ወደ ቦታው ይመልሱታል፣ አንዳንዶቹ እንዳለ ይተዉታል። ብሉ ሬይ ሲመጣ ፊልምን እንዲህ ማፍጠን ቀረ፤ አውሮፓ የሚሸጠውም አሜሪካ የሚሸጠውም በ24 ነው። ሰው ስለ ምስሉ ጥራት ሲያወራ ይውላል። ለእኔ ግን ትልቁ ውለታው ተዋናዩ በገዛ ድምፁ መናገሩ ነው። በ25 የተቀረጹ የአውሮፓ ተከታታዮች ግን ዛሬም በ50 ይመጣሉ፤ እነሱ ላይ 24ፒ ብታበሩም አይሠራም።

የጀሞ ልጅ፦ ውድ ኤችዲኤምአይ ኬብል ያስፈልጋል?

ጋሼ፦ አያስፈልግም። 1080ፒ በ24 ከ1080አይ (ፍሬሙን ለሁለት ከፍሎ ከሚልከው) የበለጠ ኬብሉን አያስጨንቅም። ሻጩ መሸጥ ፈልጎ ነው።

ድሬ፦ አሮጌ ፒኤስ3 (የሶኒ ጌም ማጫወቻ) አለኝ፣ ለብሉ ሬይ ይሆናል?

ጋሼ፦ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ 24 አልነበረውም፤ በ2007 በሶፍትዌር መጣለት። አፕዴት አድርገው። የዚያን ጊዜ ማጫወቻ ሁሉ ግን እንዲህ ዕድለኛ አይደለም። የሳምሰንግ የመጀመሪያው ብሉ ሬይ የሚልከው በ60 ነበር። ያገለገለ ስትገዙ ሞዴሉን እዩ። ሞዴሉን!

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ 24ፒ ማብራት ይሻላል ወይስ ማጥፋት?

ጋሼ፦ ከላይ ተመልሷል። አንብቡ እንጂ ባካችሁ።

ሽቦ፦ ጋሼ የእኔ የመጨረሻ። ላፕቶፕ ከቲቪ ጋር አገናኝቼ 24 ሄርዝ አድርጌዋለሁ። ሁሉም ልስልስ ነው፤ ግን በየ40 ሰከንዱ ገደማ አንዴ ገታ ይላል።

ጋሼ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! ፊልሙ 23.976 ነው፣ ላፕቶፕህ የሚልከው ግን ድፍን 24 ነው። ልዩነቱ በሰከንድ 0.024 ፍሬም ነው። ተጠራቅሞ በ42 ሰከንድ ገደማ አንድ ሙሉ ፍሬም ይሆናል፤ ያኔ አንዱን ፍሬም ደግሞ ያሳይሃል። ገታ የሚለው እሱ ነው። ዊንዶውስ ላይ 23 ሄርዝና 24 ሄርዝ ለየብቻ ተጽፈው ታገኛቸዋለህ። 23ን ምረጥ፤ 23.976 ማለት እሱ ነው።