ምንም ያልሆነበት ሌሊት

ልጆች፣ ከአውሮፕላን ጥገና ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሠርግ ቤትም ልቅሶ ቤትም አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ውስጡን ያውቁታል፤ በአውሮፕላን ሲሄዱ አይፈሩም?» አልፈራም። እስከ ኤርፖርት የሚያደርሰኝን ሚኒባስ እፈራለሁ፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ከገባሁ በኋላ እንቅልፌን እተኛለሁ። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። እሱን ልንገራችሁ፣ በተለይ መፍቻ መጨበጥ እየተማራችሁ ላላችሁት።

ወጣት ቴክኒሺያን ሳለሁ ነው። የሌሊት ሺፍት፣ ሃንጋሩ ብርድ፣ አውሮፕላኑ ሲነጋ ይወጣል። ጓደኛዬ ክንፍ ሥር ያለ አንድ ክፍል ከፍቶ ሠራ። ክዳኑ ሳይዘጋ ሥራውን አይቼ ሁለተኛውን ፊርማ ማኖር የእኔ ድርሻ ነበር። ስደርስ ዘግቶታል። ለማየት ሃያ ምናምን ብሎን እንደገና መፍታት ሊኖርብኝ ነው። «ጨርሻለሁ ስልህ!» አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ በሙያው ከእኔ ይሻላል፤ «አላመንኩህም» ማለትም መሰለኝ። ፈረምኩ። አውሮፕላኑ ሄደ፣ ማታ ተመለሰ። ምንም አልሆነም።

የምፈራው ይኼንን «ምንም አልሆነም» ነው። አንድ ነገር አፍስሶ ወይም ተላቅቆ ብቀጣ ኖሮ በዚያው እማር ነበር። የተማርኩት ግን ተቃራኒውን ሆነ፤ ለካ ሳያዩም መፈረም ይቻላል! በሁለተኛው ጊዜ እጄ አልከበደኝም።

ኋላ ላይ፣ ልብ ከገዛሁ በኋላ፣ የአደጋ ምርመራ ዘገባዎችን ማንበብ ጀመርኩ። ከሁሉም አእምሮዬ ውስጥ ተሰንቅሮ የቀረው ማንም ያልሞተበት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1990 ከእንግሊዝ በርሚንግሃም ወደ ስፔን ማላጋ ይሄድ የነበረ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን 17,300 ጫማ ገደማ ላይ ሳለ በካፒቴኑ በኩል ያለው የፊት መስታወት ተገንጥሎ ወጣ። ነፋሱ ካፒቴኑንም ጎትቶ ከወገቡ በላይ ውጭ አንጠለጠለው። የበረራ አስተናጋጆቹ እግሩን ጨምድደው ያዙ፤ ረዳት አብራሪው ሳውዝሃምፕተን አሳረፈው። ካፒቴኑ ሞቷል ሲሉት ተርፎ፣ ከወራት በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ።

መስታወቱ የተቀየረው ከአንድ ቀን በፊት፣ ሌሊት ላይ ነው። ሰው ስላነሰ የሺፍቱ ኃላፊ ራሱ ሠራው፤ ልምድ ያለው፣ በትጋቱ የሚመሰገን ሰው። አሮጌውን ብሎን ፈትቶ ስቶር ይዞ ሄደና የዕቃ ዝርዝሩን ከማየት ይልቅ በዓይኑ አመሳሰለ፤ ያውም ብርሃን በደከመበት፣ ለማንበብ የሚያስፈልገውን መነጽር ሳያደርግ። ስቶር ኪፐሩ ትክክለኛውን ቁጥር ነግሮት ነበር። ከ90ዎቹ ብሎኖች 84ቱ ከሚገባው ቀጠኑ። ልዩነቱ 0.66 ሚሊሜትር ነው፤ ከጥፍራችሁ ውፍረት ብዙም አይበልጥም።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሰውየው ለናሙና የያዘው አሮጌው ብሎንም ትክክለኛው አልነበረም፤ ከሚገባው ያጠረ ነበር። ከዚያ በፊት ሌላ ሰው ተሳስቶ አስሮት፣ መስታወቱ በዚያ ብሎን ለዓመታት በሯል። ምንም ስላልሆነ ስህተቱ የልኬት ናሙና ሆነ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በእኛ ሙያ ጉዱ፣ ሲሮጡ የታጠቁት አንዳንዴ ዓመታት ሳይፈታ መቆየቱ ነው። አንድ የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 747 እ.ኤ.አ. በ1978 ሲያርፍ ጅራቱ መሬት ነክቶ ተጠገነ። የመንገደኛውን ክፍል አየር ከጅራቱ በኩል አፍኖ የሚይዘው የኋላው የግፊት ግድግዳ ሲገጣጠም ሁለት ረድፍ ሪቬት፣ ማለትም የብረት ማያያዣ፣ መሸከም የነበረበትን ኃይል አንድ ረድፍ ብቻ ተሸከመው። ከ12,000 ጊዜ በላይ ተነሥቶ አረፈ። ኦገስት 12 ቀን 1985 ግድግዳው ተቀደደ፤ 520 ሰው አለቀ፣ የተረፉት 4 ናቸው። በመካከሉ በነበሩት ሰባት ዓመታት ያንን ጥገና የሠራ ሰው «ሥራዬ ይኸው እየበረረ ነው» ቢል ማን ይከራከረዋል?

ወደ ቤታችን ልመለስ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ ስለወደቀው የበረራ ቁጥር 302 እና ስለ 157ቱ ሰዎች የማያውቅ በመካከላችሁ የለም። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የወደቀው ተመሳሳይ አውሮፕላን፣ የላየን ኤር 610፣ ስለነበረው የዋዜማ ምሽት ግን ብዙ ሰው አልሰማም። ባሊ ላይ አፍንጫው ከሚመጣው ነፋስ አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለካው ሴንሰር ተቀየረለት፤ የገባው በ21 ዲግሪ የሚዋሽ ነበር። በዚያ ምሽት አውሮፕላኑ አፍንጫውን እየደፋ አብራሪዎቹን ታገላቸው፤ እንደ መንገደኛ አብሯቸው የነበረ ሦስተኛ አብራሪም አገዛቸው፤ አፍንጫውን የሚደፋውን የኤሌክትሪክ ሞተር ማብሪያ ማጥፊያ ዘግተው ጃካርታ በሰላም ደረሱ። ከዚያ የአውሮፕላኑ ብልሽት በሚመዘገብበት ሎግ ቡክ ላይ የጻፉት ከፊሉን ብቻ ነው። መሪው በእጃቸው ሲንቀጠቀጥ እንደነበርና ምን አጥፍተው እንደተረፉ አልሰፈረም። በማግስቱ ጠዋት ሌሎች አብራሪዎች ተረከቡት፤ 189 ሰው ሞተ።

በእርግጥ ሥሩ ከዚያ ይርቃል። አውሮፕላኑ ሁለት ሴንሰር እያለው፣ ቦይንግ የጨመረበት፣ አፍንጫውን የሚደፋው ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር በአንድ በረራ የሚያምነው አንዱን ብቻ ነበር። «የአብራሪ ስህተት» የሚል ዜና ስትሰሙ ታዲያ አትቸኩሉ። ምርመራ ከዚያ ይጀምራል እንጂ እዚያ አያልቅም።

የመጨረሻው ነገር እኛን ሐበሾችን ይመለከታል፤ ይሉኝታ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1977 ቴነሪፍ በተባለች የስፔን ደሴት ላይ ሁለት 747ዎች በጉም ውስጥ አስፋልቱ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አልቋል። የሆላንዱ አውሮፕላን መንደርደር ሲጀምር የበረራ ኢንጂነሩ ሌላኛው ከመንገዱ መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠየቀ። ካፒቴኑ በድርጅቱ የተከበረ አሠልጣኝ ነበር፤ «ወጥቷል እንጂ» በሚል ድምፅ መለሰለት። ኢንጂነሩ ዝም አለ። ይኼ የሆነው በሆላንዶች መካከል ነው፤ እኛ በአንቱታ ያደግነውማ እንዴት እንሆን! ግን አንቱ እያሉም «ይቁም» ማለት ይቻላል። የማውቀው አንዲት ልጅ ስላሳየችኝ ነው።

ጡረታዬ ሲቃረብ፣ ሌሊት፣ አንድ ሥራ አይቼ ፈርሜ ከመሰላሉ ወረድኩ። ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት ቴክኒሺያን ሥር ቆማለች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የግራውን ሲያዩት አላየሁም» አለች። ደሜ ፈላ። ይኼን ሁሉ ዓመት የሠራሁ ሰውዬ! ደግሞም አይቼዋለሁ፤ አይቼዋለሁ መሰለኝ። ባትሪዬን ሰጠኋት። ወጣች፤ ቆየች፤ እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ ቆሜያለሁ። ብርሃኑ ከወዲያ ወዲህ ሲል ይታየኛል።

ወረደችና «ደህና ነው ጋሼ» ብላ ባትሪውን መለሰችልኝ። ሌላ አልተናገርንም። በማግስቱ ሌሊት ግን ባትሪዋን ይዛ መሰላሉ ሥር ቀድማኝ ተገኘች።