ዲጂታል ራጅ ለምትጀምሩ ልጆች

ሆስፒታላችሁ ፊልሙን ትቶ ወደ ዲጂታል ሊገባ ነው አሉ። ደስ ይበላችሁ! እኔ ጉልበቴን የጨረስኩት ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቀይ መብራት፣ የፊልም ማጠቢያ ኬሚካሎችን፣ የዴቨሎፐርንና የፊክሰርን ሽታ እየማግሁ ነው። ያንን ሽታ ለማንም አልመኝም። ስለ ሥልጠናው ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ብዙ ጊዜ ማሽኑን የሸጠው ድርጅት ሰው ይልካል፣ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ያሳያል፣ ይሄዳል። ቁልፉን ትለምዱታላችሁ፣ ለእሱ አልሰጋም። የምሰጋው ለጨረሩ ነው።

በፊልም ጊዜ ጨረር ካበዛችሁ ፊልሙ ይጠቁራል፣ ካሳነሳችሁ ይነጣል። ጥፋቱ እዚያው ይታያል። ዲጂታል ግን ብርሃኑን ራሱ ያስተካክለዋል። ጨረር ስታሳንሱ ምስሉ ነጠብጣብ ይበዛበትና ራዲዮሎጂስቱ ይመልሰዋል፤ ስታበዙ ግን አምሮ ይወጣል፣ ማንም አይናገራችሁም። ስለዚህ ባለሙያው ሳይታወቀው ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ይሄዳል። ይህ ዲጂታል በገባባቸው ብዙ አገሮች የታየ ነገር ነው። ጨረሩን የሚቀበለው በሽተኛው ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕፃናት ይጎዳሉ።

መቆጣጠሪያው ከምስሉ ጋር የሚመጣው ኤክስፖዠር ኢንዴክስ የሚባለው፣ ምስል ተቀባዩ ላይ ምን ያህል ጨረር እንደደረሰ የሚነግር ቁጥር ነው። አሠልጣኙን ስለሱ አፋጥጡት። በቆዩት የፉጂ ማሽኖች ጨረር ሲጨምር ቁጥሩ ይቀንሳል፣ በኮዳክ ደግሞ ይጨምራል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ዓለም አቀፍ መለኪያ ወጥቷል፣ የእናንተ ማሽን በየትኛው እንደሚሠራ ሳታውቁ ሥራ አትጀምሩ። «በኋላ በኮምፒውተር እቆርጠዋለሁ» ብላችሁም ኮሊሜተሩን፣ የጨረሩን ስፋት የሚወስነውን መዝጊያ፣ ክፍት አትተዉ። የሕፃኑን ደረት ስታነሱ ሆዱ ጨረር ካገኘ አግኝቷል፣ ከምስሉ ላይ መቁረጡ ለሱ ምንም አያደርግለትም። የግራና የቀኝ ምልክትም ከእርሳስ የተሠራውን ካሴቱ (ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ) ላይ አድርጉ፣ ምስል ኮምፒውተር ላይ በቀላሉ ይገለበጣልና።

አሁን ደግሞ የውጭ አሠልጣኝ የማይነግራችሁ ጉዳይ፦ ስም። ማሽኑ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ ያለን የአባት ስም ነው። አንዱ የአባትን ያስቀድማል፣ ሌላው የበሽተኛዋን የራሷን። ፀሐይ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ሲጽፍ አንዱ በቲ ይጀምራል፣ ሌላው በኤስ። ከስድስት ወር በኋላ ሴትዮዋ ስትመለስ የድሮ ምስሏ ተፈልጎ ይጠፋል፣ እንደገና ትነሳለች፣ ያለ ምክንያት ሁለተኛ ጨረር ማለት ነው። የልደት ዘመንም እንዲሁ። በእኛ አቆጣጠር የተነገራችሁን ዓመት እንዳለ ካስገባችሁት ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨመርበታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ፍለጋው በካርድ ቁጥር ይሁን፣ ካርድ ክፍል ያሉትንም ሥልጠናው ላይ አስገቧቸው። እነሱ የሌሉበት ሥልጠና ግማሽ ነው።

ኮምፒውተር ላይ እጃቸው የሚዘገይ ታላላቆቻችሁን አትናቋቸው። በሽተኛውን በዓይን አይተው ስንት ኬቪ (የጨረሩ ጉልበት)፣ ስንት ኤም.ኤ.ኤስ (የጨረሩ ብዛት) እንደሚበቃው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አብራችሁ ግቡ፣ እናንተ ማውዙን አሳዩ፣ እነሱ መጠኑን ያሳዩዋችሁ።

ሌላው፣ የተበላሸ ምስል አታጥፉ። በፊልም ጊዜ የተጣለው ፊልም ሳጥን ውስጥ ይጠራቀም ስለነበር እየቆጠርን ምክንያቱን እንፈልግ ነበር፤ አሁን በአንድ ቁልፍ ይጠፋል፣ ከሱ ጋር የምትማሩበትም ይጠፋል። ኃላፊያችሁን በወር አንድ ከሰዓት ጠይቁና የተጣሉትን ምስሎች አንድ ላይ ቁጭ ብላችሁ እዩዋቸው።