«ፋይልህ የለም» ለተባሉ ዘማቾች

ሰሞኑን ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከአስኮ የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። የጻፉልኝ ቆስለው የተመለሱ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በ1991 ባድመ ላይ ቆስዬ በቦርድ ተሰናበትኩ። የጉዳት ጡረታዬን ልጠይቅ ብሄድ ፋይልህ የለም ተባልኩ። (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ «የለም» የሚለውን በቃል ሰምተህ እንዳትመለስ። ማመልከቻ ጽፈህ መዝገብ ቤት አስገባ፣ ቁጥርና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዘህ ውጣ። መልሱም በደብዳቤ ይሰጥህ። በአፍ በተነገረ እምቢታ ላይ ይግባኝ ማለት አይቻልም። በጽሑፍ ከሆነ ግን የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለልህ። የይግባኝ ጊዜ ስላለው ደብዳቤው እንደደረሰህ ሂድ።

ከሁሉም በፊት የቦርድ ውሳኔህን፣ ማለትም ሐኪሞቹ የጉዳትህን መጠን የወሰኑበትን ወረቀት ፈልግ። እሱ ላይ የተጻፈው መቶኛ ነው ነገሩን የሚወስነው። አሁን ያለው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ (1267/2014) ሠራዊቱንም ያቅፋል። በዚህ ሕግ ከ10 በመቶ በታች የሆነ ጉዳት ክፍያ አያስገኝም። 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ጨርሶ ከሥራ ያስወጣህ ከሆነ የደመወዝህ 47 በመቶ በየወሩ ይከፈልሃል። ጉዳቱ እያለብህ መሥራት ከቻልክ ግን የምታገኘው ዳረጎት ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ብዙ ሰው ሁለቱን እያምታታ ነው የሚጣላው። አንተ የተሰናበትከው በቀድሞው ሕግ ስለሆነ የትኛው እንደሚሠራልህ አብረህ ጠይቅ። ውሳኔው ከእጅህ ከጠፋ የክፍለ ጦርህንና የብርጌድህን ስም፣ የቆሰልክበትን ቀንና የተኛህበትን ሆስፒታል ዘርዝረህ ጻፍ። ሆስፒታሉ ካርድህን ካገኘ ፋይሉ እንደገና ሊከፈት ይችላል።

ጥያቄ፦ በሠራዊቱ ፋይል ኃይሉ፣ በመታወቂያዬ ኃይለማርያም ነኝ። ችግር አለው? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ አለው። ፍርድ ቤት አመልክተህ ሁለቱም ስም ያንተ መሆኑን አስወስን። ምስክርና ያለህን ሰነድ ሁሉ ያዝ። የፋይዳ መታወቂያ ካላወጣህ ደግሞ የትኛውን ስም እንደምታስመዘግብ ቀድመህ ወስን።

ጥያቄ፦ ከጉልበቴ በታች ተቆርጫለሁ። ሰው ሠራሹ እግር ያቆስለኛል። የደረሰኝ ቤትም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ከሁሉ የሚገርመኝ የሌለው የእግሬ ጣት ያሳክከኛል፣ ሌሊት ያቃጥለኛል። አብጄ ይሆን? (ከአስኮ)

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! እግር ከተቆረጠባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚሉት ነው። እግሩ ቢሄድም አእምሮ ካርታውን አልሰረዘውም። መስታወት በሁለቱ እግሮችህ መሃል አቁምና ጤነኛውን እያንቀሳቀስክ ምስሉን እይ። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ለብዙዎች ሕመሙን ያስታግሳል። ካልሆነ ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ስላለ ሐኪም ጠይቅ። ተራው ማስታገሻ ለዚህ እምብዛም አይረዳም።

ቁስሉን በተመለከተ፣ ቀሪው እግር በተለይ በመጀመሪያው ዓመት እየከሳ ይሄዳል። ያኔ ልክ የነበረው ማቀፊያ (ቀሪው እግር የሚገባበት የሰው ሠራሹ ክፍል) ይሰፋና መፋተግ ይጀምራል። ለጊዜው ቀሪው እግር ላይ ካልሲ ደርብ። ማታ አውልቀህ ቆዳህን በመስታወት ፈትሽ። ቅላቱ ከ20 ደቂቃ በኋላም ካልጠፋ ወደሠራልህ ማዕከል ውሰደውና ያስተካክሉልህ። ከተላጠ ደግሞ እስኪድን አታጥልቀው፣ በክራንች ሂድ። ቀይ መስቀል በሚደግፋቸው ማዕከላት የሚሠራው እግር ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። የክረምቱ ጭቃ አያበላሸውም፣ በሳሙና ይታጠባል። አራተኛ ፎቅ ላይ ሊፍት የሌለው ቤት ደርሶኛል ያልከውን ግን ምን እላለሁ! አንድ እግር ላለው ሰው እዚያ ላይ ቤት መስጠት ምን የሚሉት ሥራ ነው? የቦርድ ውሳኔህን አያይዘህ የምድር ቤት ቅያሪ ጠይቅ፣ እሱንም በጽሑፍ።

ጥያቄ፦ ነሐሴ ላይ የሰፈር ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ ባለቤቴ መሬት ላይ ይደፋል። ሌሊት እየጮኸ ይነሳል። አረቄም አብዝቷል። ጎረቤት ጸበል ውሰጂው ይለኛል። (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህ ፈሪነት አይደለም። ጦርነት የሚያመጣው በሽታ ነው፣ ሕክምናም አለው። ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ እነሱ ወደ አእምሮ ሕክምና ይልኩታል። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል መሄድ ነውር የሚመስለው ካለ ይምሰለው። ጸበሉን አትከልክዪው፣ መድኃኒቱን ግን እንዳያቆም። አረቄ ቶሎ ያስተኛዋል እንጂ ቅዠቱን ያባብሰዋል። ሲቃዥ አጠገቡ ሆነሽ አትነቅንቂው፣ ራቅ ብለሽ በስሙ ጥሪው። መሞት እፈልጋለሁ ካለ ደግሞ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰጂው። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለም አርቂ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የጦር ጉዳት ጡረተኛ ነበር፣ አረፈ። ወንድሞቹ ጡረታውን እንካፈል ይሉኛል። (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ እናቴ፣ ነፍስ ይማር። ጡረታ ውርስ አይደለም። ሚስት 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ እያንዳንዱ 20 በመቶ ያገኛል። በእሱ ይጦሩ የነበሩ ወላጆች ካሉም ድርሻ አላቸው። ወንድም የለበትም። የጋብቻና የልጆችዎን የልደት ማስረጃ ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ወገቤን አሞኝ ኤም አር አይ ታዞልኛል። ትከሻዬ ውስጥ ፍንጣሪ አለ። (ከአስኮ)

መልስ፦ ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ስለሆነ ብረት ሊያንቀሳቅስ ይችላል። አንሺው ባይጠይቅህም አንተ ቀድመህ ተናገር። መጀመሪያ በራጅ ፍንጣሪው የት እንዳለ ይታይ። አስጊ ቦታ ከሆነ ሐኪምህ ሲቲ ስካን ሊያዝልህ ይችላል።