መልስ፦ የመኪና ፋብሪካ ለአካባቢው ከደመወዝ ሌላ ምን ያመጣል?

ወንድሜ፣ «ሠራተኛው ከሚያገኘው ደመወዝ ሌላ አካባቢው ምን ይጠቀማል?» ላልከው፣ የአሜሪካዋን ስፓርታንበርግ፣ ደቡብ ካሮላይናን ተመልከት። ድሮ የምትታወቀው በጨርቃ ጨርቅ ነበር። ፋብሪካዎቹ እየተዘጉ ባለበት ጊዜ የጀርመኑ ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1992 እዚያ የመኪና ፋብሪካ ለመትከል ወሰነ፤ በ1994 ማምረት ጀመረ። ዛሬ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ይሠራበታል።

ትልቁ ጥቅም ግን ከአጥሩ ውጭ ነው። ወንበሩን ብቻ እንውሰድ። ቦታ ስለሚይዝ አከማችቶ ማስቀመጥ አያዋጣም፤ በዚያ ላይ በቀለምና በዓይነት፣ መኪኖቹ በመገጣጠሚያው መስመር በሚያልፉበት ቅደም ተከተል ተደርድሮ፣ በሰዓቱ መድረስ አለበት። ስለዚህ ወንበር ሠሪው የግድ ጎረቤት ይሆናል። የእሱም ሠራተኛ እዚያው ይከራያል፣ እዚያው ይሸምታል። በ2013 ደግሞ ከባሕሩ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ለፋብሪካው ግን ቀርባ ባለችው በግሪር ከተማ ደረቅ ወደብ ተከፍቶ ከባሕር ወደቧ ከቻርለስተን ጋር በባቡር ተገናኘ፤ ሌሎች ድርጅቶችም ይጠቀሙበታል። (በነፃ አልመጣም፤ ግዛቱ በመሬትና በግብር ብዙ ለቋል።)

እኛ አገር «መገጣጠሚያ ተከፈተ» ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ወንበሩና ሽቦው ከየት እንደሚመጣ ነው። ሁሉም በኮንቴይነር ታሽጎ የሚመጣ ከሆነ፣ ጥቅሙ ከደመወዙ ብዙም አያልፍም።