በእናትሽ የእንጀራ ደብተር ውስጥ ያለው ማስረጃ

ውድ እኅቴ፣

በአንድ የግል ኮሌጅ የአካውንቲንግና ፋይናንስ ትምህርትሽን ጨርሰሽ የመውጫ ፈተናውን ሁለት ጊዜ እንደወሰድሽ፣ በመጀመሪያው 46፣ በሁለተኛው 48 አምጥተሽ ማለፊያው 50 በመሆኑ ቴምፖሽን (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃሽን) ማግኘት እንዳልቻልሽ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ በጥሞና አንብቤዋለሁ። እንጀራ ሸጣ ያስተማረችሽን የእናትሽን ዐይን ማየት እንደሚያሳፍርሽ፣ «ሥራ ያዝሽ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ሽሽት ለቅሶ ቤት መሄድ እንኳ እንደተውሽ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጪም እጅሽ እንደሚንቀጠቀጥ ነግረሽኛል። ጥያቄሽ ደግሞ «ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም ማለት ነው? በራሴ ላይ የነበረኝን እምነትስ ከየት ልመልሰው?» የሚል ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ በደብዳቤሽ መካከል ጣል አድርገሽ ያለፍሽውን አንድ ነገር ላንሣ። የጤፍ ዋጋ በጨመረበት ሰሞን የጤፉን፣ የወፍጮውንና የመብራቱን ወጪ በደብተር ላይ ደምረሽ፣ እናትሽ በእያንዳንዱ እንጀራ ሁለት ብር እየከሰረች መሆኗን እንዳሳየሻት፣ እሷም ዋጋዋን እንዳስተካከለች ጽፈሻል። አንቺ «እናቴን ሳግዝ» ብለሽ አልፈሽዋል፤ እኔ ግን ይህን ኮስት አካውንቲንግ እለዋለሁ። የአንዱን ምርት ወጪ ለይቶ ማስላትና ውሳኔ ለሚሰጠው ሰው በሚገባው ቋንቋ ማቅረብ፣ ባለሙያ ደመወዝ የሚከፈለው ለዚሁ ነው። ለሙያ መፈጠር የሚባለውን ነገር እኔ ራሴ ብዙም አላምንበትም፤ የማየው ሥራውን በእውነተኛ ገንዘብ ላይ አንድ ጊዜ ሠርተሽ ውጤቱ መታየቱን ነው።

ይህን ያስቀደምሁት ልሸነግልሽ አይደለም። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጥናቱ፣ ሰው «ይህን ሥራ መወጣት እችላለሁ» የሚል እምነት የሚያገኝባቸውን አራት ምንጮች ለይቶ ነበር፦ ራሱ ሠርቶ ያሳካው ነገር፣ እርሱን የሚመስል ሰው ሲሳካለት ማየቱ፣ ሌሎች በቃል የሚያበረታቱት፣ እንዲሁም ሰውነቱ በጭንቀት ጊዜ የሚሰጠው ምልክትና ያንን የሚተረጉምበት መንገድ። ከአራቱ ጠንካራው የመጀመሪያው ነው፤ በቃል ብቻ የተሰጠ ማበረታቻ ግን የመጀመሪያው ውድቀት ሲመጣ በቀላሉ ይፈርሳል። በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆሞ «እችላለሁ» ማለትን የሚመክሩ አነቃቂ ንግግሮች ለአንድ ቀን ሞቅ አድርገው በማግስቱ ባዶ የሚያስቀሩን ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ እኔም «አይዞሽ፣ ትችያለሽ» ብቻ ብዬሽ ባልፍ ብዙም አልጠቀምሁሽም።

«እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት» ላልሽው ቁጥሩ ይመልስልሽ። የመውጫ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054፣ ማለትም 40.65 በመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ ሲያልፉ ከግሎቹ ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ተሰጥኦ በየግቢው ተከፋፍሎ ስላደረ እንዲህ ያለ ልዩነት አይመጣም፤ የተማሪው የቀደመ ዝግጅት፣ የመምህራኑ ብቃት፣ መጻሕፍቱና የኮምፒውተር ክፍሉ ሁሉ ድርሻ አላቸው። እንግዲህ ከውጤትሽ ውስጥ ያንቺ ያልሆነውን ዕዳ በስምሽ አትመዝግቢ። ያንቺ የሆነውን ግን እንነጋገርበት።

ከ46 ወደ 48 መውጣትሽን «እድገት» ብዬ ላጽናናሽ እችል ነበር፤ ሆኖም የሁለት ነጥብ ልዩነት በዕድልም ሊመጣ ስለሚችል አልልሽም። ያሳሰበኝ ለሁለቱም ፈተናዎች ሃንድአውቶችሽን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ደጋግመሽ በማንበብ መዘጋጀትሽ ነው። ደጋግሞ ያነበቡት ነገር ዐይን ስለሚለምደው የታወቀ ይመስላል፤ ወረቀቱ ተዘግቶ ጥያቄ ሲመጣ ግን አእምሮ ባዶ ይሆናል፣ ሰውም ችግሩ ከአጠናኑ መሆኑን ትቶ ራሱን ሰነፍ ይላል። የትምህርት ክፍልሽን ብሉ ፕሪንት (ፈተናው የሚያካትታቸውን ርዕሶች የሚዘረዝረውን ሰነድ) ያዢና ፋይናንሻል አካውንቲንጉን፣ ኮስቱን፣ ኦዲቲንጉን፣ ታክሱን ለየብቻው ክፈይው። በየርዕሱ ሃያ ሃያ ጥያቄ ደብተር ዘግተሽ ሥሪ፤ ስንቱን እንዳገኘሽ ብቻ ሳይሆን የሳትሽው ጽንሰ ሐሳቡ ሳይገባሽ ቀርቶ ይሁን፣ ስሌት ተሳስተሽ ወይስ ጥያቄውን ሳታነቢ ቸኩለሽ ለይተሽ መዝግቢ። በምታውቂው በኮስት ጀምሪ፤ የሚያስፈራሽን አስቀድመሽ ይዘሽ በመጀመሪያው ሳምንት መሰበር ምንም አይጠቅምሽም።

የእጅሽን መንቀጥቀጥ በተመለከተ፣ ሰውነት ለትልቅ ነገር ሲዘጋጅ ልብ ይመታል፣ እጅም ይርዳል፤ አንቺ ይህንን «አለማወቄን ያሳያል» ብለሽ ተርጉመሽዋል፣ ጉዳቱም ከትርጉሙ ይጀምራል። ሞዴል ፈተናዎችን በወረቀት ሳይሆን በኮምፒውተር፣ ሰዓት ይዘሽ፣ ቢቻል ሰው ባለበት ክፍል ሥሪ። ወረፋ የሚያስጠብቅ ኢንተርኔት ቤትም ቢሆን ይበቃል፤ ጫጫታው ራሱ ልምምድ ነው። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለሽ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ጉዳዩ የሙያ ምክር ብቻ አይደለምና ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሐኪም አማክሪ።

ለቅሶ ቤቱን አትተዪ። ሰው የሚጠይቅሽ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ የሚለው አጥቶ ነው፤ «በሚቀጥለው ዙር ደግሜ እፈተናለሁ፣ እስከዚያ የእናቴን ሂሳብ እይዛለሁ» የምትል አጭር መልስ አዘጋጂና ሳታፍሪ ተናገሪያት። ከዚያም አልፈሽ፣ ከኮሌጅሽ ወድቀው በድጋሚ ያለፉትን አንድ ሁለት ልጆች ፈልጊ፤ ከሩቅ ታዋቂ ሰው ታሪክ ይልቅ በአንድ ወንበር አብራሽ የተቀመጠችው ልጅ «እኔ እንዲህ አጠናሁ» ስትልሽ ይበልጥ ይታመናል።

ዲግሪው እስኪመጣ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። የሠፈራችሁ እድር ገንዘብ ያዥ ደረሰኝና ወጪ የሚያመሳክርለት ሰው ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂ። ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ መያዣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ካልለመድሽ ደግሞ ተማሪው፤ የሂሳብ ሠራተኛ የሚፈልጉ ማስታወቂያዎችን ስታነቢ በተደጋጋሚ ታገኚዋለሽ። የእድሩ ሥራ ገንዘብ ላያስገኝልሽ ይችላል፣ ይህንን አልደብቅሽም፤ በቃለ መጠይቅ ቀን «ምን ሠርተሻል?» ሲሉሽ የምታሳዪው ነገር ግን ይኖርሻል።

የልምምድ ውጤቶችሽን የጤፉን ሂሳብ ባሰላሽበት ደብተር ጀርባ መዝግቢያቸው። የመጀመሪያው ወር ሲሞላ ቁጥሮቹን ላኪልኝና የትኛው ርዕስ ላይ እየከሰርሽ እንደሆነ አብረን እናሰላዋለን።